ልጓም የሚይዘው ፕሮቲን፦ ኤፍኤምአርፒ በልጅ አንጎልና በቤተሰብ ሐረግ ውስጥ

ኤፍኤምአርፒ በአንጎል ነርቭ ሴሎች ውስጥ በብዛት የሚገኝ፣ ራይቦዞም ከሚባሉት ፕሮቲን ሠሪ አካላት ጋር ተያይዞ የሚሠራ ፕሮቲን ነው። ተግባሩ ሌሎች ፕሮቲኖች መቼ፣ የትና ምን ያህል እንደሚሠሩ መቆጣጠር ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ግን በማስቆም ሥራው ነው። ይህ ፕሮቲን የጠፋበት ልጅ ፍራጃይል ኤክስ ሲንድረም የሚባለው ሕመም ይኖረዋል። በዘር ከሚወረሱ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት መንስኤዎች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ይህ ሕመም ነው፤ በአንድ ጂን ችግር ብቻ ለሚመጣ ኦቲዝምም ቀዳሚው መንስኤ እሱ ነው። የዚሁ ጂን መለስተኛ ለውጥ ደግሞ በሴቶች ላይ ያለ ዕድሜ ማረጥን፣ በሸመገሉ ወንዶች ላይ የእጅ መንቀጥቀጥንና መንገዳገድን ያመጣል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ የማይገናኙ የሚመስሉ ሦስት ሕመሞች ሲደርሱባቸው፣ ሥሩ አንድ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፕሮቲኑን ሥራ ለመረዳት ከራይቦዞም መጀመር ያስፈልጋል። ራይቦዞም ሕይወት ባለው ሴል ሁሉ ውስጥ አለ። ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል 30 እጥፍ ያህል ነው፤ የሰው ራይቦዞም ከ4 አር ኤን ኤዎችና ከ80 ያህል ፕሮቲኖች የተገነባ ነው። የዘር መረጃ የተጻፈበት ዲ ኤን ኤ ከሴሉ ኒውክለስ አይወጣም። የተፈለገው ጂን ቅጂ መልእክተኛ አር ኤን ኤ ሆኖ ወደ ውጭ ይላካል፤ ራይቦዞም ይህን ቅጂ ሦስት ሦስት ፊደል እያነበበ አሚኖ አሲዶችን በቅደም ተከተል ያያይዛል። በሰው ሴል ውስጥ በአንድ ሴኮንድ አምስት ያህል አሚኖ አሲዶች ይጨመራሉ። በአንድ መልእክተኛ ላይ ብዙ ራይቦዞሞች ተከታትለው ሲያነቡ ፖሊራይቦዞም ይባላሉ፤ ኤፍኤምአርፒ በአብዛኛው የሚገኘውም እዚያ ላይ ነው።

ነርቭ ሴል ይህን ሥራ የሚያከናውንበት ሁኔታ ከሌሎች ሴሎች የተለየ ነው። አዋቂ ሰው በአንጎሉ ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል ነርቭ ሴሎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣሉ፣ በቅርንጫፎቹም ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ መገናኛዎች አሉ። እነዚህ መገናኛዎች ሲናፕስ ይባላሉ። መልእክት ተቀባዩ ወገን በአብዛኛው ከቅርንጫፉ ላይ ብቅ ያለ ትንሽ ጉጥ ነው። ከሴሉ መሐል ርቆ የሚገኝ አንድ ጉጥ አዲስ ፕሮቲን ሲፈልግ ከመሐል እስኪላክለት መጠበቅ አይችልም። በ1982 ኦስዋልድ ስቲዋርድና ዊልያም ሌቪ የተባሉ ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ከጉጦቹ ሥር ፖሊራይቦዞሞች ተቀምጠው አገኙ። ያ ግኝት ነርቭ ሴል በየቅርንጫፉ፣ በየሲናፕሱ አጠገብ ፕሮቲን እንደሚሠራ አመለከተ። ትምህርትና ትዝታ በአንጎል ውስጥ የሚቀረጹት የተወሰኑ ሲናፕሶች ሲጠነክሩ ሌሎቹ ሲላሉ በመሆኑ፣ ይህ በየቦታው የሚካሄድ ሥራ የመማር መሠረት ነው ማለት ይቻላል።

ኤፍኤምአርፒ መልእክተኛ አር ኤን ኤዎችን ይይዛል፤ ሴሉ ውስጥ ወደ ቅርንጫፎቹ ሲጓዙ አብሯቸው ይሄዳል፤ ከደረሱ በኋላም ጊዜው እስኪደርስ ራይቦዞሞቹ ንባባቸውን እንዳይቀጥሉ ይገታል። ጌታው ሳያዝ ፈረስ እንዳይጋልብ ልጓም እንደሚይዘው ማለት ነው። በ2011 በሮበርት ዳርኔል ላቦራቶሪ የተሠራ ጥናት በአይጥ አንጎል ውስጥ ኤፍኤምአርፒ የሚይዛቸውን 842 መልእክተኞች ለይቷል። ብዙዎቹ የሲናፕስ ፕሮቲኖችን የሚያሠሩ ሲሆኑ፣ ከኦቲዝም ጋር ግንኙነት እንዳላቸው በሌላ መንገድ የታወቁ ጂኖችም በመካከላቸው በብዛት ተገኝተዋል። ያው ጥናት ኤፍኤምአርፒ ባለበት ራይቦዞሞች በመልእክተኛው ላይ ቆመው እንደሚቀሩ አሳየ። በ2014 ደግሞ በፍራፍሬ ዝንብ ፕሮቲን ላይ የተደረገ ሥራ ኤፍኤምአርፒ በቀጥታ ራይቦዞሙ ላይ እንደሚያርፍ በምስል አረጋገጠ።

ከራይቦዞም ጋር ያለው ትስስር ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በጣም ግልጽ ያደረገው ግን የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ ነው። በ1993 የተገለጸው ይህ ሰው ፕሮቲኑ ሙሉ በሙሉ አልጠፋበትም ነበር፤ በፕሮቲኑ ውስጥ አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ በሌላ ተተክቶ ነበር። ሕመሙ ግን እጅግ የከፋ ሆነ። በኋላ ሲጠና የተለወጠው ፕሮቲን ከፖሊራይቦዞም ጋር መያያዝ እንደማይችል ታወቀ። ፕሮቲኑ በሴሉ ውስጥ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ቦታው ላይ መገኘት አለበት።

ልጓሙ የሚላላው ሲናፕሱ መልእክት ሲደርሰው ነው። ግሉታሜት የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ኤምግሉር አምስት የተባለውን ተቀባይ ሲነካ፣ ከኤፍኤምአርፒ ላይ የፎስፌት ምልክት ይነሳል፤ የታገቱት ራይቦዞሞችም ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ጥቂት ደቂቃ ፕሮቲን ከተሠራ በኋላ ምልክቱ ይመለሳል፣ ሥራውም እንደገና ይገታል። ኤፍኤምአርፒ በሌለበት ይህ የመግታትና የመልቀቅ ሥርዓት ይፈርሳል። ጂኑ በጠፋባቸው አይጦች አንጎል ላይ የተደረጉ ልኬቶች የፕሮቲን ምርት ከመደበኛው ወደ 20 በመቶ ያህል እንደሚጨምር አሳይተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ትርፉ የሚሠራው ባልተጠራበት ሰዓትና ቦታ በመሆኑ፣ ሲናፕሱ የትኛው መልእክት ጠቃሚ እንደሆነ መለየት ያዳግተዋል።

በዕድገት ላይ ያለ አንጎል በዚህ ምክንያት ከመጀመሪያው ይነካል። ፅንሱ በማሕፀን ሳለ የነርቭ ሴሎች መባዛትና ወደ ቦታቸው መጓዝ የኤፍኤምአርፒን ተሳትፎ ይፈልጋል። ከተወለደ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ አንጎል ከሚያስፈልገው በላይ ሲናፕሶች ያወጣል፤ ከዚያም በልጁ ኑሮ የተሠራባቸውን ያጠነክራል፣ ሥራ የፈቱትን ይመለምላል። ይህ መመልመል በአግባቡ ካልተካሄደ አንጎሉ ያልተጣራ ግንኙነት ይበዛበታል። ፍራጃይል ኤክስ ኖሮባቸው የሞቱ ሰዎች አንጎል ሲመረመር የቅርንጫፎቹ ጉጦች ከመደበኛው የቀጠኑና የረዘሙ፣ ያልበሰሉ ይመስላሉ፤ በአይጦችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ልጁ በድምፅ፣ በብርሃንና በሰው ብዛት ቶሎ የሚረበሸው፣ ሌላው ሰው የሚለምደውን ድምፅ መልመድ የሚያቅተው ከዚህ የተነሣ ነው ብለው ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። ኤፍኤምአርፒ ከራይቦዞም ውጭም ሥራ አለው፤ በሴሉ ሽፋን ላይ ያሉ የፖታሲየም መተላለፊያዎችን በቀጥታ ይነካል፤ ይህም የነርቩን የኤሌክትሪክ ምልክት ርዝመት ይለውጣል።

ፕሮቲኑ የሚጠፋው በአብዛኛው ጂኑ ተቆርጦ ወይም ተሰርዞ አይደለም። ኤፍኤምአር አንድ የተባለው ጂን በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። በጂኑ መጀመሪያ አካባቢ ሲጂጂ የሚባሉ ሦስት የዲ ኤን ኤ ፊደሎች ይደጋገማሉ። በአብዛኛው ሰው ድግግሞሹ ከ5 እስከ 44 ነው። ከ55 እስከ 200 ሲሆን ቅድመ ሚውቴሽን ይባላል፤ መለስተኛው የጂን ለውጥ ይህ ነው። ከ200 ሲያልፍ ሴሉ በቦታው ላይ ሜቲል የተባለ ኬሚካል ያኖርበታል፤ ጂኑ ይዘጋል፣ መልእክተኛ አር ኤን ኤ አይወጣም፣ ፕሮቲኑም አይሠራም። ሙሉ ሚውቴሽን የሚባለው ይህ ነው።

ወደዚህ እውቀት የተደረሰው ቀስ በቀስ ነበር። በ1943 ጄምስ ፑርደን ማርቲንና ጁሊያ ቤል የተባሉ የብሪታንያ ተመራማሪዎች ወንዶቹ በአእምሮ ዕድገት ውስንነት የተጎዱበትን፣ እናቶቹ ግን ጤነኞች የነበሩበትን አንድ ትልቅ ቤተሰብ ገለጹ። በ1969 ኸርበርት ለብስ በአሜሪካ የአንድ ቤተሰብ ወንዶች ኤክስ ክሮሞሶም ጫፉ ላይ የተሰበረ የሚመስል ክፍተት እንዳለው አየ፤ ፍራጃይል ኤክስ፣ ማለትም «ተሰባሪ ኤክስ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ሌሎች ላቦራቶሪዎች ግን ክፍተቱን ፈልገው ያጡት ነበር። ምክንያቱን በ1977 ያገኘው አውስትራሊያዊው ግራንት ሰዘርላንድ ነው፤ ክፍተቱ የሚታየው ሴሎቹ ፎሌት በጎደለው ፈሳሽ ውስጥ ሲያድጉ ብቻ ነበር። ጂኑ ራሱ በ1991 ተለየ፤ ከዚያ በኋላ ክሮሞሶም በማይክሮስኮፕ መፈለግ ቀርቶ ድግግሞሹን በቀጥታ መቁጠር ተቻለ።

ሙሉ ሚውቴሽን ከ4,000 እስከ 7,000 ከሚደርሱ ወንዶች በአንዱ፣ ከ8,000 እስከ 11,000 ከሚደርሱ ሴቶች በአንዷ እንደሚገኝ ይገመታል። ወንድ ልጅ አንድ ኤክስ ክሮሞሶም ብቻ ስላለው ሕመሙ ይጠናበታል። ሲወለድ ጤነኛ ይመስላል። ለመቀመጥና ለመሄድ ይዘገያል፤ አፉን የሚፈታው ከእኩዮቹ በጣም ቆይቶ ነው፣ ሲናገርም አንዱን ቃል ይደጋግማል። ዓይን ለዓይን መተያየት ይሸሻል፣ እጁን ያርገበግባል ወይም ይነክሳል፣ አንድ ቦታ አይረጋም። ጣቶቹ ከልክ በላይ ይተጣጠፋሉ፤ ጆሮው ደጋግሞ ያመረቅዛል። ፊቱ የረዘመ፣ ጆሮው የሰፋ መሆኑ የሚጎላው ዕድሜው ከፍ ሲል ነው፤ ከጉርምስና በኋላ የዘር ፍሬው ከመደበኛው ይተልቃል። ከወንዶቹ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የኦቲዝም መስፈርትን ያሟላሉ፤ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት የሚጥል በሽታ አለባቸው። ሴት ልጅ ሁለት ኤክስ ክሮሞሶም ስላላት በከፊል ሴሎቿ ጤነኛው ጂን ይሠራል፤ ስለዚህ በአንዷ ላይ ከባድ ችግር፣ በሌላዋ ላይ የሒሳብ ትምህርት መክበድና ከልክ ያለፈ ዓይን አፋርነት ብቻ ሊታይ ይችላል።

እነዚህ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሌላ ገጽ አላቸው። አብዛኞቹ ሰው የሚወዱ፣ ቀልድ የሚገባቸው፣ ያዩትን የማይረሱና አስመስሎ በመሥራት የተካኑ ናቸው። ዓይናቸውን ከሰው የሚያሸሹት ሰውን ጠልተው ሳይሆን የሰው ዓይን ስለሚከብዳቸው ነው። ይህን ያወቀ መምህር ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ተቀምጦ ሲያስተምር ልጁ የሚቀበለው ነገር ይጨምራል።

ቅድመ ሚውቴሽን የራሱ ታሪክ አለው። ከ150 እስከ 300 ከሚደርሱ ሴቶች አንዷ ተሸካሚ ናት ተብሎ ይገመታል፤ በወንዶች ቁጥሩ ያንሳል። ለረጅም ጊዜ ተሸካሚዎች ምንም እንደማይሆኑ ይታሰብ ነበር። ዛሬ የሚታወቀው ከሴት ተሸካሚዎች 20 በመቶ ያህሉ የወር አበባቸው ከ40 ዓመት በፊት እንደሚቋረጥ ወይም እንቁላላቸው እንደሚዳከም ነው። በ2001 ደግሞ ራንዲ ሄገርማንና ፖል ሄገርማን የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በልጆቹ የእናት አባቶች ላይ አዲስ በሽታ ገለጹ። ከ50 ዓመት በላይ ከሆናቸው ወንድ ተሸካሚዎች 40 በመቶ ያህሉ ዕቃ ሲያነሡ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ፣ ቀስ በቀስም የማስታወስና የማመዛዘን ችሎታቸው ይቀንሳል። ሴቶችንም ያገኛል፤ ግን ባነሰ ቁጥር።

በዚህ በሽታ የሚሆነው በልጆቹ ከሚሆነው ተቃራኒ ነው። በልጁ ጂኑ ተዘግቷል፤ በአያቱ ግን ጂኑ ከሚገባው በላይ ክፍት ነው። የረዘመው መልእክተኛ አር ኤን ኤ በብዛት ይመረታል፣ በሴሉ ውስጥ ተጠራቅሞ ሌሎች ጠቃሚ ፕሮቲኖችን ይጠምዳል። ራይቦዞሙም ተጨማሪ ጉዳት ያደርሳል። ፕሮቲን የሚጀመርበት ምልክት በሌለበት ቦታ፣ በድግግሞሹ ላይ ማንበብ ይጀምርና የማይጠቅም ረጅም ፕሮቲን ይሠራል። በ2013 የታወቀው ይህ ፕሮቲን በነርቭ ሴሎች ውስጥ እየተጓጎለ ይገኛል። አንድ ጂን በአንዱ ዕድሜ በመጥፋቱ፣ በሌላው ዕድሜ በመብዛቱ አንጎልን ሲጎዳ ማየት በሕክምና ታሪክ ውስጥ እምብዛም አያጋጥምም።

ውርሱ የሚሄድበት መንገድም የተለየ ነው። ቅድመ ሚውቴሽን ያለው አባት ኤክሱን ለሴቶች ልጆቹ ሁሉ ያወርሳል፤ ለወንዶቹ ግን ዋይ ክሮሞሶም ስለሚሰጥ አንዱም አይወርሰውም። ከአባት ሲተላለፍ ድግግሞሹ ወደ ሙሉ ሚውቴሽን አያድግም። ሴት ልጁ ግን ለእያንዳንዱ ልጇ የማውረስ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ከእሷ ሲተላለፍ ድግግሞሹ ሊያድግ ይችላል። የእሷ ድግግሞሽ ከ60 በታች ከሆነ አደጋው አነስተኛ ነው፤ ከ100 ካለፈ ግን ልጇ የተለወጠውን ኤክስ ከወረሰ ሙሉ ሚውቴሽን መሆኑ እርግጠኛ ያህል ነው። እንግዲህ በእርጅናው እጁ የሚንቀጠቀጥ አያት፣ በ36 ዓመቷ ያረጠች ልጁ፣ አምስት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታ የልጅ ልጅ በአንድ ቤት ሲገኙ፣ አንዱ እርጅና፣ አንዱ መካንነት፣ አንዱ ልክፍት ተብሎ ሦስት ስም ሊሰጣቸው ይችላል። የሦስቱም መነሻ ግን ያው አንድ ጂን ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለውን ውርስ ለመከታተል የሚረዳው የዘር ሐረግ ቆጠራ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ የቆየ እውቀት ነው። መንዝ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ መከፈሉ ከማማ፣ ከላሎና ከጌራ ከተባሉ ሦስት አባቶች እንደሆነ ይተረካል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ርስት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም በኩል አጥንት ተቆጥሮ ስለነበር፣ አያትን፣ ቅድመ አያትንና ምንዥላትን በስም ማወቅ የኑሮ ጉዳይ ነበር። ጋብቻ ሲታሰብም ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ በዚያ ውስጥ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል።

ይህ ልማድ ለጤና ትልቅ ጥቅም አለው። አባትና እናት አንድ ዓይነት የተበላሸ ጂን ሲይዙ ብቻ የሚገለጡ ብዙ ሕመሞች አሉ፤ ዘመዳሞች በሚጋቡበት አገር ይበዛሉ፣ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር ይቀንሳሉ። ፍራጃይል ኤክስ ግን ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ከእናት ብቻ የሚመጣ ስለሆነ ባሏ ከሰባት ቤት ቀርቶ ከሰባ ቤትም ውጭ ቢሆን ልጁን አያድነውም። ስለዚህ አጥንት ቆጠራው እዚህ ላይ የሚጠቅመው ጋብቻን ለመከልከል ሳይሆን የቤተሰቡን ሕመም ለማንበብ ነው። የዘር ሐኪም የመጀመሪያ መሣሪያው የቤተሰብ ሐረግ ሥዕል ነው፤ ብዙ አገር ውስጥ ሕመምተኛ ከአያቱ አልፎ መናገር ስለማይችል ሐኪሙ ይቸገራል። የመንዝ ሽማግሌ ግን ከማን ማን እንደተወለደ ሳይወላውል ይናገራል። በዚህ እውቀት ላይ የሚጨመሩት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፤ በእናት ወገን አፉን ያልፈታ ወይም ትምህርት ያልገባው አጎት ወይም የአክስት ልጅ አለ ወይ፣ ያለ ዕድሜዋ ያረጠች ወይም ልጅ ያጣች አክስት አለች ወይ፣ ከሸመገለ በኋላ እየተንገዳገደ የሄደ የእናት አባት ወይም አጎት ነበረ ወይ።

አጥንቱ ሲቆጠር መፍረድ ግን ተገቢ አይደለም። ውርሱ በእናት በኩል ነው የሚለው ቃል በቤት ውስጥ ወቀሳ፣ አልፎም ፍቺ ሊያስከትል ይችላል። ተሸካሚዋ ሴት ኤክሱን ከእናቷም ከአባቷም ልትወርሰው ትችላለች፤ መርጣ የያዘችውም አይደለም። ማንኛውም ሰው ምንም ምልክት ሳያሳዩ የሚኖሩ በርካታ የተበላሹ ጂኖችን ይዞ ይኖራል።

ሕመሙ በአንድ አካባቢ ሊጠራቀም እንደሚችል ከኮሎምቢያ መማር ይቻላል። በቫዬ ዴል ካውካ ግዛት ያለችው ሪካውርቴ የተባለች ትንሽ ከተማ በዓለም ላይ ፍራጃይል ኤክስ እጅግ በዝቶ ከተመዘገበባቸው ቦታዎች አንዷ ናት፤ ምክንያቱ ከጥቂት መሥራች ቤተሰቦች የወረደ ጂን መሆኑን ተመራማሪዎች ገልጸዋል። በአፍሪካም በካሜሩን ገጠር የአንድ ማኅበረሰብ ቤተሰቦች ከአንድ ሕመምተኛ ተነሥቶ ዘመዶቹን በተራ በመመርመር ተጠንተዋል። እንዲህ ባሉ ጥናቶች ሰዎች ስለ ቤተሰባቸው ሐረግ የሚናገሩት ትልቅ እገዛ አለው።

ዘግይቶ ያደገ ልጅ ሁሉ ግን ፍራጃይል ኤክስ የለበትም። በደጋው ከዚህ ይልቅ የሚያጋጥሙ፣ አስቀድሞ መከላከልም የሚቻሉ ምክንያቶች አሉ። ረጅም ምጥ፣ ማጅራት ገትር፣ የጨቅላ ሕፃን ከባድ የቢጫ በሽታ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። አዮዲን የጎደለው ምግብም አንዱ ነው፤ ዝናብ አፈሩን ባጠበው ተራራማ አገር አዮዲን ስለሚቀንስ እንቅርት ይበዛል፣ የነፍሰ ጡሯ እጥረት ደግሞ የፅንሱን አንጎል ይጎዳል። ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው የኢትዮጵያ ደንብ በ2011 የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሐኪም ፍራጃይል ኤክስን ከመጠርጠሩ በፊት የልጁን መስማትና የእንቅርት ዕጢውን ሥራ ይመረምራል።

ፍራጃይል ኤክስን በዓይን አይቶ ማረጋገጥ አይቻልም። ከትንሽ ደም ዲ ኤን ኤ ይወጣና ድግግሞሹ ፒ ሲ አር በተባለው ዘዴ ይቆጠራል፤ በጣም የረዘመ ሲሆን ሳውዘርን ብሎት የተባለ ተጨማሪ ምርመራ ጂኑ መዘጋቱን ያሳያል። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ ወይም ከዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል የሚነሣ ቤተሰብ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሊጻፍለት ይችላል። መንገዱና ወጪው ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ሐኪሙ የሐረጉን ታሪክ በሪፈር ወረቀቱ ላይ መጻፉ ለቀጣዩ ሐኪም ብዙ ይረዳል።

ጂኑን የሚከፍት መድኃኒት እስካሁን የለም። ትልቁ ተስፋ ተጥሎ የነበረው በኤምግሉር አምስት ላይ ነው። ማርክ ቤር፣ ኪምበርሊ ሁበርና ስቲቨን ዋረን ተቀባዩ ከልክ በላይ መሥራቱ የሕመሙን አብዛኛውን ገጽታ ሊያስረዳ ይችላል ብለው በ2004 ሐሳብ አቀረቡ፤ በ2007 የተቀባዩ መጠን በግማሽ የተቀነሰባቸው አይጦች ብዙዎቹ ምልክቶቻቸው ተሻሻሉ። በሰው ላይ ሲሞከር ግን የኖቫርቲስና የሮሽ መድኃኒቶች በ2014 አካባቢ የተጠበቀውን ውጤት አላሳዩም። ምናልባት ሙከራው ልጅነትን ባለፉ ሰዎች ላይ መደረጉ፣ ምናልባትም የሚለካው ነገር በትክክል አለመመረጡ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ዛቶልሚላስት የተባለ ሌላ መድኃኒት በ30 አዋቂ ወንዶች ላይ ተሞክሮ በ2021 የቋንቋና የማሰብ ችሎታ መሻሻል አሳይቷል፤ ይህ ግን በሰፊው መረጋገጥ ያለበት ነገር ነው።

እስከዚያው ያለው እርዳታ ምልክቶቹን ማከምና ልጁን ማስተማር ነው፤ ይህም ቀላል የማይባል ለውጥ ያመጣል። በኢትዮጵያ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የተከፈተው ቀዳሚ ተቋም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ነው። ወይዘሮ ዘሚ በፊደል ገበታ ላይ ተመሥርተው አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጅተዋል፤ እያንዳንዱ ፊደል ሙሉ ድምፅ ስላለው አፉን ያልፈታ ልጅ ድምፁን በአፍ ቅርጽ እያየ እንዲለማመድ የታሰበ ነው። ወላጆች ያቋቋሙት ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በአዲስ አበባ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና በኢትዮጵያ ሁኔታ ተስተካክሎ ተሞክሯል፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ስለ ልጆች ዕድገት ችግር የሚያስተምሩ ቪዲዮዎችና የኪስ መመሪያ ተዘጋጅተዋል። እነዚህ ባለሙያዎች በየቀበሌው ስላሉ፣ ማዕከል በሌለበት ገጠር ዋናው ተስፋ እነሱ ናቸው።

በአዲስ አበባ ሁለት ክሊኒኮች የልጆቹን አሳዳጊዎች የጠየቀ፣ በ2016 የታተመ ጥናት ቤተሰቦች የሕመሙን መንስኤ በወሊድ ጊዜ ችግርም፣ በርኩስ መንፈስም፣ በኃጢአትም እንደሚያስረዱ፣ ሐኪም ቤትንም ጠበልንም አብረው እንደሚሹ አሳይቷል። በሰሜን ሸዋ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ወደ ጻድቃኔ ማርያም ይወጣል። ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። አደገኛው ነገር የሚጥል በሽታ መድኃኒት ልጁ ተጠምቆ እስኪጨርስ ተብሎ መቋረጡ ነው፤ በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ሕመሙን ከበፊቱ አጥንቶ ሊመልሰው፣ ለሕይወትም ሊያሰጋ ይችላል። ለዚህ የካህናቱ ምክር ከሐኪሙ ምክር እኩል ይሰማል።

በቤት ውስጥ የሚረዱት ነገሮች ገንዘብ አይጠይቁም። የዕለቱ ሥራ በአንድ ሥርዓት ሲሄድ ልጁ ይረጋጋል፤ ለውጥ ሲኖር አስቀድሞ በምልክት ወይም በሥዕል ይነገረዋል። የሚነገረው ነገር አጭር፣ የሚታየው ነገር ብዙ መሆን አለበት፤ እነዚህ ልጆች ከሰሙት ይልቅ ያዩትን ይይዛሉ። ገበያና ለቅሶ ቤት ሲረብሸው መቆጣት ሳይሆን ጥቂት ወጣ ማድረግ ይበቃል። ጆሮው ሲያመረቅዝ ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል፤ በሦስትና በአራት ዓመቱ መስማት የደከመ ልጅ አፍ መፍታቱ በሁለት ምክንያት ይዘገያልና። ቀጥሎ ልጅ መውለድ የሚያስቡ ወላጆችና የእናትየው እህቶች ደግሞ ከእርግዝና በፊት ስለ ምርመራው ሐኪም ቢያማክሩ፣ የሚወስኑትን በእውቀት ላይ ተመሥርተው ይወስናሉ።